የአባቴን ምንሽር ለአጎቴ ልጅ ልሽጥለት?

ጥያቄው እንዲህ ይላል። «አባታችን ካረፉ ዓመት አልፏል። መሐል ሜዳ ባለው ቤታቸው አንድ ምንሽርና ጥይት ያለበት ዝናር ትተዋል። ፈቃዱ በእሳቸው ስም ነበር። እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሁለት ወንድሞች አሉኝ፤ አንዱ አዲስ አበባ ነው፣ አንዱ እዚያው መንዝ ያርሳል። ሸዋ ሮቢት ያለው የአጎቴ ልጅ ‹ባዳ እጅ ከሚገባ እኔ ልግዛው› ብሎ ቀብድ ሰጥቶኛል። በሽማግሌዎች ፊት ውል ጽፈን ብንፈራረም ይበቃል? ጠመንጃውን ማን ያድርስለት? ሐሳቤን ብቀይርስ ቀብዱን እጥፍ አድርጌ መመለስ አለብኝ?»

በመጀመሪያ ነፍስ ይማር።

አጭሩ መልስ ይኸውልዎ። ውሉ አይበቃም። ጠመንጃውን ማንም ይዞ መንገድ እንዳይወጣ። ቀብዱን ይመልሱ፤ እጥፍ ግን አይደለም። ረጅሙ መልስ ትንሽ ያቆየናል።

እኔ ጠበቃ ነኝ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ የውርስ ጉዳይ ሲመጣልኝ መሬቱ፣ ቤቱና ከብቱ ከተዘረዘሩ በኋላ አንዱ ወራሽ ጉሮሮውን ይጠርግና «ያቺም ነገር አለች» ይላል። ያቺ ነገር ጠመንጃዋ ናት። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የምትነሳው። ችግር የምታመጣው ግን መጀመሪያ ነው።

ሰው ጠመንጃ ሲሸጥ በሬ የሚሸጥ ይመስለዋል። በሬ ሲሸጡ ገመዱን ለገዢው ያቀብላሉ፣ ብሩን ይቆጥራሉ፣ አለቀ። ነገ በሬው የሰው ማሳ ቢገባ የሚጠየቀው አዲሱ ባለቤት ነው። ጠመንጃ እንዲህ አይደለም። ብረቱ ሲሄድ ስሙ እዚያው ይቀራል። ፖሊስ ዘንድ ያለው መዝገብ የመሣሪያውን ዓይነት፣ ቁጥሩንና የባለፈቃዱን ስም አያይዞ ይዟል። እርስዎና የአጎትዎ ልጅ ሳሎን ውስጥ የተፈራረማችሁት ወረቀት ያንን መዝገብ አይነካውም። ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ቢገኝ፣ ጥሩ ቦታ ላይ እንደማይገኝ ደግሞ መገመት አያቅትም፣ ፖሊስ የሚያንኳኳው የእናንተን በር ነው።

አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕግ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ቁጥጥሩ የፖሊስ ሥራ ነው። ያለ ፈቃድ መያዝ፣ መግዛት፣ መሸጥ፣ ማጓጓዝ ሁሉ ያስጠይቃል። ከዚህ ሁሉ እርስዎን የሚመለከተው ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው ነው። ሰውየው ሲሞት ፈቃዱ ለልጅ አይተላለፍም። አባትዎ ሕጋዊ ባለፈቃድ ነበሩ። ዛሬ ግን ያቺ ቤት ውስጥ ፈቃድ ያለው ሰው የለም። ጠመንጃው ከግድግዳው ባይንቀሳቀስም እሳቸው ካረፉ ወዲህ ባለፈቃድ አጥቷል። ይህን ብዙ ቤተሰብ አያስተውለውም። «የአባታችን ወረቀት እኮ አለ» ይላሉ። ወረቀቱ አለ፤ የተጻፈለት ሰው ግን የለም።

ስለ ሽማግሌዎቹ ልመለስ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ሁላችንም እንወደዋለን። በመሬት ኪራይ፣ በብድር፣ በከብት እርቢ ይሠራል። እዚህ ግን ጽሑፉ ራሱ ይጎዳችኋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1678 የውሉ ጉዳይ ሕጋዊ መሆን እንዳለበት ይናገራል። ቁጥር 1716 ደግሞ ግዴታው ሕገ ወጥ ከሆነ ውሉ ፈራሽ ነው ይላል። ፈቃድ የሌለው ሰው ፈቃድ ለሌለው ሰው ጠመንጃ የሚሸጥበት ውል ከዚህ የሚያመልጥበት ቀዳዳ የለውም። ምስክሩ አሥር ቢሆን፣ ከምስክሮቹ ሁለቱ ቄስ ቢሆኑ ለውጥ የለውም። የአጎትዎ ልጅ ቀሪውን ብር ቢከለክልዎ ያንን ወረቀት ይዘው ፍርድ ቤት ሲገቡ በከሳሽነት ነው፤ ሲወጡ ተከሳሽ ሆነው ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ የሚያስረዳው ማን ምን እንደሸጠ፣ ማን እንደገዛ፣ ማን ቁሞ እንዳየ ነው። ለዐቃቤ ሕግ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። ሽማግሌዎቹንም ባልዋሉበት ምስክር ሆነው እንዲጎተቱ ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚከተለኝን ጥያቄ ሳትጠይቁኝ ልመልስ። «ሽያጭ ካልሆነ ስጦታ ብለን ብንጽፍስ?» ስጦታም ማስተላለፍ ነው። «በወይፈን ብንለዋወጥስ?» ወይፈኑ ሕጋዊ ነው፣ ጠመንጃው አይደለም። «ለጊዜው አደራ አስቀምጥልኝ ብለነው ብሩን በሌላ ምክንያት ቢሰጠኝስ?» ይህኛው ብልጥ ይመስላል፤ በእኔ ግምት ግን ከሁሉም የከፋው ነው። ገዢው በእጁ ያለው ነገር የእሱ እንዳልሆነ በጽሑፍ አምኗል። እርስዎ ደግሞ ጠመንጃው የእርስዎ እንደሆነና ፈቃድ ለሌለው ሰው አሳልፈው እንደሰጡ ፈርመዋል። አንዱ ሲክድ ሌላው የሚይዘው ነገር የለውም። በዘመድ መካከል ቂም የሚያስገባው ብዙ ጊዜ ይሄ አደራ የሚሉት ነገር ነው።

የአጎትዎ ልጅ ይህን ካነበበ ለእሱም አንድ ሁለት ነገር አለኝ። ገዢ ሁሉ የሚፈራው መታለልን ነው። በዚህ ገበያ ደግሞ መታለል ቀላል ነው። ቁጥሩ በሞረድ የተፋቀ ይመጣል። ከሁለት ጠመንጃ ተገጣጥሞ አንድ የሆነ ይመጣል። የተሰረቀ ይመጣል። ለሚሊሻ የተሰጠ የመንግሥት ክላሽ «የራሴ ነው» ተብሎ ይመጣል፤ ይሄኛውን የያዘው ሰው ራሱ የመሸጥ መብት የለውም። ደላላው ጠዋት ያየኸውን ማታ አላውቅህም ይላል። ሌላ ዕቃ ቢሆን የተደበቀ ጉድለት ሲገኝ ሻጩን በፍትሐ ብሔር ትጠይቀዋለህ። እዚህ ማንን ከስሰህ? ለምን ብለህ? ብሩም ጠመንጃውም ሄዶ ቁጭ ትላለህ። በዚያ ላይ «ተኩሰህ አሳየኝ» የሚሉት ፈተና አለ። የምንሽር ጥይት እድሜው የአያት ነው። አንዳንዱ ጭራሽ አይተኩስም፣ አንዳንዱ ዘግይቶ ይተኩሳል። «ከሸፈ» ብለው ሲከፍቱት ፊት ላይ የሚፈነዳው ያ ነው። ደግሞ በዚህ ጊዜ አንዲት ጥይት ተራራ ለተራራ ስታስተጋባ ስንት ሰው ከቤቱ እንደሚወጣ እሱም ያውቀዋል።

አሁን ወደ ጠመንጃው እንምጣ። ይህን ክፍል ልብ ብለው ያንብቡልኝ፤ ብዙ ሰው ወር ሙሉ የሚመላለሰው እዚህ ላይ ባለ ስህተት ነው።

ቁጥሩን ማግኘት አለብን። መንዝ ያለው ወንድምዎ ያድርገው፤ ያውም ጠመንጃ የሚያውቅ ሰው አብሮት ሆኖ። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ዞሮ፣ ጎርሶ እንደሆነ ታይቶ፣ ከጎረሰ ወጥቶ። ሟች ምን ጊዜም ባዶ ያስቀምጡ ነበር የሚለው ቃል ዋስትና አይሆንም። ከዚያ ጥይት የሚያልፍበት ረጅሙ ብረት ከመዝጊያው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ ይጥረገው። የዘመናት ቅባትና ጥቀርሻ ሲለቅ ጽሑፍ ብቅ ይላል። ምንሽር ላይ ብዙ ጊዜ ፊደልና ቁጥር ተቀላቅሎ አንድ መስመር ይገኛል፤ መለያ ቁጥሩ እሱ ነው። አጠገቡ የፋብሪካው ስም ይኖራል፤ የጣሊያኑ ቴርኒ የተለመደ ነው። ሌላ አራት አኃዝ ያለው ቁጥርም አለ፣ ለምሳሌ 1937፤ ከጎኑ የሮማውያን ቁጥር ሊኖር ይችላል። ይሄኛው የተሠራበት ዓመት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። መለያ ቁጥር አይደለም!

የጮህኩት በምክንያት ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቢሮ ውስጥ የተሰጠ የቆየ ፈቃድ አይቻለሁ፤ የመሣሪያ ቁጥር በሚለው ቦታ ላይ ዓመቱ ተጽፎበታል። ጸሐፊው አራቱን አኃዝ አይቶ ገልብጦታል። ባለፈቃዱ በሕይወት እያሉ ማንም አልጠየቀም። ልጆቹ ለማስረከብ ሲሄዱ ግን ወረቀቱና ብረቱ አልተገናኙም፤ «የአባታችሁ ሌላ ጠመንጃ የት አለ?» ተባሉ። የሌለ ጠመንጃ እንዴት ይረከባል? ስለዚህ የአባትዎን ፈቃድ አውጥተው ከብረቱ ጋር ያስተያዩ። ካልተገናኘ ቀድመው ይወቁት፤ መርማሪ ጠረጴዛ ላይ ሆነው አይደለም ማወቅ ያለብዎ። ሰደፉ ላይም ቁጥር ተቀርጾ ሊሆን ይችላል። ከብረቱ ቁጥር ጋር ካልተመሳሰለ አይደንግጡ፣ ሰደፍ ይቀየራል፤ ግን ይጻፉት። ፎቶ ያንሱት። ፎቶውን ግን ፌስቡክም ቴሌግራምም ላይ እንዳይለጥፉት።

ያቺ የዓመት ቁጥር ሌላም ጥቅም አላት። በየቤቱ «ይቺ እኮ ዐድዋ የዋለች ናት» ይባላል፤ ዋጋም ይጨመርባታል። ብረቱ ላይ ያለው ዓመት ግን እውነቱን ይናገራል። ዐድዋ ላይ የጣሊያን ወታደር በብዛት የያዘው ቬተርሊ የሚባለውን ሌላ ጠመንጃ ነበር። ሸዋ ውስጥ ያሉት ምንሽሮች የብዙዎቹ ታሪክ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ካለው የጣሊያን ወረራ ጋር የተያያዘ ነው፤ በራስ አበበ አረጋይ ዘመን አርበኛ ከጠላት የማረከው ነው። ይህም ትንሽ ክብር አይደለም። አያትዎ በዚያ ዘመን ማርከውት ከሆነ፣ ከጠመንጃው ጋር የተያያዘ ማስረጃ፣ ፎቶ ወይም የአርበኝነት ወረቀት ካለ፣ መሸጡን ትተው የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚሠራው ለቤተ ክርስቲያን ንዋይ ብቻ አይደለም። በሙዚየም ስሙ ተጽፎ የሚቀመጥ ጠመንጃ አለ። ለብር የተጨነቀ ቤተሰብ ይህን ምክር እንደማይወድ አውቃለሁ፤ ብቻ አማራጭ መኖሩን ይወቁ።

አሁን ምን ያድርጉ? ሦስታችሁ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጡ። ለመሬቱና ለቤቱም ስለሚያስፈልግ ድካሙ ከንቱ አይሆንም። ማስረጃው ወራሽ መሆናችሁን ያረጋግጣል፤ ጠመንጃ የመያዝ መብት ግን አይሰጣችሁም። ከዚያ አንዳችሁ፣ ጠመንጃውን ሳትይዙ፣ ጠመንጃው ያለበት ወረዳ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የሞት ማስረጃውን፣ የአባታችሁን ፈቃድ፣ የወራሽነት ማስረጃውንና የጠመንጃውን ዝርዝር ያያያዘ ማመልከቻ ይዛችሁ። ማመልከቻው አጭር ይሁን፦ አባታችን በዚህ ቀን አርፈዋል፣ ይህን ቁጥር የያዘ መሣሪያ በዚህ ቤት ይገኛል፣ በሕጉ መሠረት ይወሰንልን። ቀን ይጻፍበት። ኮፒው ላይ «ደርሶናል» አስብላችሁ ማኅተም አስደርጉ። ያቺ ኮፒ ከማንኛውም የሽማግሌ ውል ትበልጣለች። ለምን ዘገያችሁ ተብላችሁ ብትጠየቁ፣ ተፈልጋችሁ ሳይሆን በገዛ እግራችሁ መምጣታችሁን ታሳያለች። መዘግየቱ በጣም ካሳሰባችሁ ከጠበቃ ጋር ሂዱ፤ ነውር የለውም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው። መንዝ ያለው ወንድምዎ በራሱ ስም ፈቃድ ጠይቆ መሥፈርቱን ካሟላ ጠመንጃው ከቤት አይወጣም። በእኔ አስተያየት ለእናንተ ቤተሰብ የሚሻለው ይህ ነው፤ የሚኖረውም እሱ እዚያ ነው። ካልተፈቀደለት ደግሞ ማስረከብ ነው። ሲያስረክቡ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ገቢ ሲያደርግ የሚቆርጠውን ሞዴል 19 ወይም ማኅተም ያረፈበት የርክክብ ሰነድ ይቀበሉ። መለያ ቁጥሩ በትክክል መጻፉን እዚያው ቆመው ያንብቡ። «ነገ መጥታችሁ ውሰዱ» ከተባለ ጠመንጃውም ነገ ይምጣ።

የወንድሞችዎ ድርሻ ነገር ከባድ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ጠመንጃውን በገበያ ዋጋ እንተምን ካላችሁ ትጣላላችሁ፤ ሕጋዊ ያልሆነ ገበያ ሕጋዊ ዋጋ የለውምና። መንዝ ያለው ልጅ ጠመንጃውን ካስቀረ እናንተ ከበጎቹ ወይም ከባሕር ዛፉ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ውሰዱ። በክፍፍል ስምምነታችሁ ላይ «ጠመንጃው በሕግ እንደተወሰነው ይሆናል» ብላችሁ አንድ መስመር ጻፉ። ዋጋ አትጻፉበት።

ቀብዱን ያስፈራዎት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ነው፤ ከሰው ሰምተው ነው መሰለኝ። ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ካፈረሰ እጥፍ ይከፍላል የሚለው እሱ ነው። ይህ የሚሠራው ግን መጀመሪያውኑ የሚጸና ውል ሲኖር ነው። እዚህ ውሉ ፈራሽ ነው። ውል ሲፈርስ ቁጥር 1815 የሚለው ሁለቱም ወገኖች ወደነበሩበት ይመለሱ ነው። እና የተቀበሉትን ያህል ይመልሱ። በባንክ ቢያስተላልፉት ይመረጣል፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የተመለሰ ገንዘብ» ብለው ይጻፉ። ቀብድ ስትሰጡ የጻፋችሁት ብጣሽ ወረቀት ካለ ሁለታችሁም ባላችሁበት «ገንዘቡ ተመልሷል፣ ስምምነቱ ቀርቷል» ብላችሁ ፈርሙበት። አይቅደዱት። የተቀደደ ወረቀት ኮፒው ሌላ ሰው ጋ ሲገኝ ነው ጣጣው።

«ማን ያድርስለት?» ለሚለው መልሴ ማንም የሚል ነው። ከመሐል ሜዳ ሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ በሰላሙ ጊዜም ኬላ ያለበት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. ጊዜው አብቅቷል፤ አካባቢው ግን ያሳለፈውን አሳልፏል። ባለፈቃድ ያልሆነ ሰው በጆንያ ጠቅልሎ፣ የሌላ ሰው ስም ያለበት ወረቀት ይዞ ኬላ ላይ ሲደርስ የውርስ ሕግ የሚያስረዳበት ጊዜ አያገኝም። ተሳፋሪውንና ሾፌሩንም ጭምር ነው የሚያስጠይቀው። ለፖሊስ ለማስረከብም ቢሆን እንዴት እንደሚመጣ ፖሊስ ራሱ ይወስን፤ መጥተው ቢወስዱት ይሻላል።

እስከዚያው ጠመንጃውና ጥይቱ ለየብቻ ይቆለፉ። ቁልፉን የሚይዘው አንድ ሰው ይሁን። ለጎረቤት አይሰጥ። የማንም ሠርግ ላይ «ለአንዲት ቀን» አይወጣ።

ዝናሩንም አይርሱት። ጥይት ያለ ፈቃድ መያዝ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሰው ጠመንጃውን አስረክቦ ጥይቱን መሳቢያ ውስጥ ይረሳዋል። ቆጥራችሁ በማመልከቻው ላይ አስገቡት፤ በርክክብ ሰነዱም ላይ በቁጥር ይስፈር። ባዶ ዝናሩን ማስቀረት ትችሉ እንደሆነ እዚያው ስታስረክቡ ጠይቁ።

የአጎትዎን ልጅ ደግሞ አያሳፍሩት። ክፉ አስቦ አይመስለኝም። «ጠመንጃ ከፈለግህ መጀመሪያ በስምህ ፈቃድ ጠይቅ፤ ወረዳህ ፖሊስ ጋ ሂድ፣ የሚሉህን ስማ» ይበሉት። ከተፈቀደለትና ፖሊስም ዝውውሩን በጽሑፍ ካጸደቀ ያኔ በመዝገብ ስም ተዛውሮ ይረከባል። ካልተፈቀደለት ደግሞ መልሱን ያገኘው ከእርስዎ ሳይሆን ከሚመለከተው አካል ነው፤ ዝምድናችሁም አይበላሽም።